በየተራ የተረገዘው ወንድሜ

ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ወንድም እንደሚመጣልኝ ከማንም ቀድሜ አወቅሁ። የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ማለዳ ከቤት ስንወጣ የእናቴ ሆድ ከጃኬቷ ስር ተነፍቶ ይታያል። ቀትር ላይ ከአባቴ ጋር ከኋላዋ በቆርቆሮ የተከደነችው ሰማያዊ ፒካፓችን ውስጥ ትገባለች፣ በሩ ከውስጥ ይዘጋል። ሲወጡ የእናቴ ሆድ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ የአባቴ ደግሞ ሽርጡን ወደ ፊት ገፍቶታል።

ልጁ ከእሷ ወደ እሱ ተዛውሯል ማለት ነው።

ይህ ለእኔ ምንም የሚገርም ነገር አልነበረውም። ወላጆቼ የድግስ አብሳዮች ነበሩ፤ ሥራቸውን ሁሉ የሚሠሩት በሁለት ነበር። ትልቁን የሾርባ ድስት ሲያነሱ አንዱን ጆሮ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን እሷ። ሩዙ የተደረደረበትን የቀርከሃ ማብሰያ ከእሳት ላይ ሲያወርዱ እሱ "አንድ" ይላል፣ እሷ "ሁለት" ትላለች። ድስት በሁለት ከተነሳ ልጅ በሁለት የማይረገዝበት ምክንያት አልታየኝም። አንዳንድ ቀን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሆዳቸው ተነፍቶ ሲታይ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ቆይቼ መንታ ነው ብዬ ነገሩን ፈታሁት።

አባቴን በፒንግቶንግ የባሕር ጠረፍ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። ልጅ የሚድር ሰው ከቤቱ ፊት ያለውን መንገድ በባለ መስመር ሸራ ያለብስና ጋሼ ሁዋትን ይጠራል። ጋሼ ሁዋት ምድጃዎቹን፣ ድስቶቹንና ሴት ሠራተኞቹን ይዞ ይመጣል። እናቴ ቢዩን በሰው ፊት የእሱ ሚስት ብቻ ነበረች፤ አትክልት ታጥባለች፣ ስጋ ትከትፋለች፣ ከዚያ ደግሞ ትበላለች።

ትበላለች ያልኩት እንደዚያ ስለሚመስለኝ ነው። አባቴ በየድስቱ አጠገብ ቆሞ ጭልፋውን ይዘረጋል፣ እሷ ትመጣና ትቀምሳለች።

"እ?" ይላታል።

"ትንሽ ቀረው።"

"ጨው ነው ወይስ ኮምጣጤ?"

"ጨው። ኧረ በቃ! እጅህን ሰብስብ!"

እሱ ራሱ አንድ ጠብታ አይቀምስም። እኔም ይህን የኩራቱ ምልክት አድርጌ ነበር የማየው። ጥሩ አብሳይ የራሱን ምግብ አያምነውም እንዴ ብዬ ለጎረቤት ልጆች አውርቻለሁ። የእናቴን ነገር ግን በሆዳምነት አልፌው ነበር፤ ለሁለት ነው የምትበላው።

ዛሬ የማውቀውን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ የማወራው ሌላ ነበር። የአባቴ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በሽታው ምላሱንም ይዞት ሄዷል፤ የቀመሰው ሁሉ ዝገት ዝገት ይለዋል። በቀን አራት ጊዜ ከሆዱ ላይ በወጣች ቀጭን ቱቦ አሮጌው ውሃ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። በሽተኛው ሆስፒታል ሳይተኛ እየሠራ የሚያደርገው የኩላሊት እጥበት ነው። አዲሱ ውሃ የሰውነትን ያህል መሞቅ አለበት፤ ከቀዘቀዘ አባቴ ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨርቅ አለን። መንገድ ዳር ግን የክረምቱ ነፋስ ከባሕሩ በቀጥታ ይመጣል። ስለዚህ እናቴ የሞቀውን ከረጢት በፎጣ ጠቅልላ ከጃኬቷ ስር፣ ከሆዷ ጋር ታስረዋለች።

ይህን ከሠራተኞቹ ሁሉ የምታውቀው አቱዋን ብቻ ነበረች። አቱዋን ድምፀ ትልቅ፣ ምንም ነገር በሆዷ የማይቀር ሴት ናት፤ ይህን አንድ ነገር ግን ይዛ ነበር። ሠርግ የሚያበስል ሰው ታማሚ መሆኑ ከተሰማ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። የታመመ እጅ የነካውን ለሙሽራ ማን ያቀርባል?

ነገሩ የወጣው በእማማ ሆንግ የልጅ ልጅ ሠርግ ቀን ነው።

እማማ ሆንግ ደቃቃ አሮጊት ናቸው። ነጭ ፀጉራቸው ላይ ቀይ የጨርቅ አበባ ሰክተው ከማለዳ ጀምረው በድንኳኑ ውስጥ ይዞሩ ነበር፤ ወንበሩን ይቆጥራሉ፣ የጠረጴዛ ልብሱን ይጎትታሉ፣ የድምፅ ማጉያውን የሚተክሉትን ልጆች ይሳደባሉ። ድግሱ የሚቀርበው አመሻሽ ላይ ነው። እኔ ከሙሽራው የአክስት ልጅ ከሺንዪ ጋር በተደረደሩት ወንበሮች ስር ባቡር እንጫወት ነበር። ሺንዪ በዕድሜ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ ይህንንም አትረሳም።

"እናትህ ወፍራም ናት" አለችኝ።

"ወፍራም አይደለችም። አርግዛ ነው።"

"ውሸታም! ባለፈው በእኛ ቤተ መቅደስ በዓል ቀን ማታ ላይ ቀጭን ነበረች፣ አይቻታለሁ።"

"አባቴ ተቀብሏት ነዋ።"

"ምኑን?"

"ልጁን። እሷ ሲደክማት እሱ ይሸከማል።"

ሺንዪ ከወንበሩ ስር ወጣች። "አባት አያረግዝም!"

"የአንቺ አባት አይችል ይሆናል" አልኳት። "የእኔ ይችላል።"

እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ሺንዪ ለመጠየቅ ወደ ሴት አያቷ ወደ እማማ ሆንግ ሮጠች።

እማማ ሆንግ ወደ ማብሰያው ቦታ ሲመጡ ምድጃዎቹ ሁሉ እየጮሁ ነበር። እናቴ ዝንጅብል ትከትፋለች፣ አቱዋን ዓሣ ትልጣለች፣ አባቴ የዶሮውን ሾርባ አረፋ ይገፋል። አሮጊቷ አባቴን አላዩትም፤ በቀጥታ እናቴ ፊት ሄደው ቆሙ።

"ስንት ወርሽ ነው?"

"ምን አሉኝ እማማ?"

"አታድክሚኝ ልጄ። አራት ወልጃለሁ። ጠዋት ስትገቢ አይቼሻለሁ፣ ለብርዱ ደራርባ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ልጅሽ ራሱ ተናገረ።" ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። "ሙሽራዬ እዚያ ፎቅ ላይ እየተኳለች ነው። አንቺ አርግዘሽ እዚህ ምግቧን ትነኪያለሽ? የሠርግና የእርግዝና ሁለት ደስታ ተጋጭቶ ወይ እሷን ወይ የሆድሽን ልጅ ቢጎዳ ማን ሊጠየቅ ነው?"

ይህን በእኛ አገር የማያውቅ ሰው የለም። እርጉዝ ሴት ሠርግ ቤት አትገባም። እኔ ግን ስድስት ዓመቴ ነው፤ የማውቀው ወንድሜ በአደባባይ መታወቁን ብቻ ነው። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ፈገግ አልኩላት።

እሷ አልሳቀችም። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን ጠረገች፣ አንገቷን ደፋች።

"ልክ ነዎት እማማ። አርግዣለሁ። ባልነግርዎት ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሁኑኑ እሄዳለሁ። እሱ ይሠራል።" ሽርጧን መፍታት ጀመረች።

"አለ አላልኩሽም!" ብዬ ለሺንዪ ጮህኩ።

እናቴ በዚያች ቅጽበት ምን እንደመረጠች ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሁለት መጥፎ ነገር ቀርቦላታል፤ እርጉዝ ሴት ወይም ታማሚ ወንድ። የእሷን ስም የሚያጠፋውን አንስታ የእሱን ደበቀችው። ግን እሷ ከሄደች ከረጢቱም በጃኬቷ ውስጥ አብሯት ይሄዳል። አባቴ ገና ጨው ባልገባበት ሾርባ ፊት ያለ ምላስ ይቀራል። እንግዳው ሁሉ አመሻሽ ላይ የሚበላው ምን እንደሚሆን እግዜር ይወቀው።

አባቴ ጎንበስ ብሎ የአንዱን ምድጃ ጋዝ ዘጋ። ከዚያ የሁለተኛውን። ከዚያ የሁሉንም። ያ ሁሉ ጩኸት ሲጠፋ የሸራው መንቀጥቀጥ እንኳ ይሰማ ነበር።

"ቢዩን፣ ሽርጥሽን እሰሪ" አላት።

"አንተ ሥራህን ሥራ" አለችው በጥርሷ መሃል።

"እሠራለሁ። መጀመሪያ እሰሪው።"

"ሁዋት፣ ዝም በል ብዬሃለሁ!"

"ዝም ካልኩ ሁለት ዓመቴ።" ወደ አሮጊቷ ዞረ። አባቴ ትልቅ ሰው ነው፣ እማማ ሆንግ ደረቱ ጋ እንኳ አይደርሱም፤ የሚያናግራቸው ግን እንደ ተማሪ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ ነበር። "እማማ፣ ሚስቴ እርጉዝ አይደለችም። የተሸከመችው የእኔን ነው።"

እጁን ወደ እናቴ ዘረጋ። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የጃኬቷን ዚፕ ወደ ታች ሳበች፣ ፎጣውን አወጣች፣ ገለጠችው። ውስጡ ውሃ የሞላበት የፕላስቲክ ከረጢት ነበር።

ወንድሜ ውሃ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የተታለልኩ አልመሰለኝም።

አባቴ ስለ ኩላሊቶቹ ተናገረ። አጭር አድርጎ ነው የተናገረው፤ ዋጋ እንደሚነጋገር ሰው ድምፁን ሳይጥልም ሳያነሳም። ውሃው እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚወጣ፣ ለምን መሞቅ እንዳለበት። አቱዋን ዓሣዋን እንደያዘች ታለቅስ ነበር።

"ይተላለፋል?" አሉ እማማ ሆንግ።

"አይተላለፍም" አለች እናቴ። "እኔን አይዩኝም?"

"ሌላስ የደበቃችሁኝ አለ?"

"አለ" አለ አባቴ። "ምላሴ አይሠራም። የሚቀምሰው እሷ ናት።"

"ኧረ ሁዋት!" አለች አቱዋን። "ሁሉንም አሁን አትዘርግፈው እንጂ!"

አሮጊቷ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። "ባለፈው በቤተ መቅደሱ በዓል የበላሁት የሸርጣን ሩዝ?"

"እሷ ቀምሳ ነው።"

"ነጭ ሽንኩርት ያለበት የዶሮ ሾርባስ?"

"እሷ።"

"አንተ ታዲያ ምንድነው የምትሠራው? ጢምህን ታሳያለህ?"

የተቆጣችው እናቴ ነበረች። "እማማ፣ እሱ ባይኖር ይኼ ሁሉ ጥሬ ነው። ዓሣው መብሰሉን ክዳኑን ሳይከፍት በእንፋሎቱ ድምፅ ያውቃል። ሩዙ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ እፍኝ ይዞ በእጁ ያውቃል። እኔ የማውቀው ጨው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ አልጠጣም፣ አልተፈቀደለትማ! እስኪ ከእንግዶችዎ መሃል እንደዚያ የሚቆም አንድ ሰው ያሳዩኝ።"

እናቴ ለደንበኛ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። አባቴ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

"እና እኔ የቀጠርኩት ማንን ነው?" አሉ እማማ ሆንግ።

"እሷን" አለ አባቴ።

"እሱን" አለች እናቴ፣ እኩል።

ፎቅ ላይ ሙሽራዋ ከጓደኞቿ ጋር ትስቃለች፣ ሳቋ እስከ ታች ይሰማል። እማማ ሆንግ ቀና ብለው ወደ መስኮቱ አዩ፣ ከዚያ ወደ ከረጢቱ፣ ከዚያ ወደ ቀዘቀዙት ድስቶች። ልባቸው በአንድ ጊዜ ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። ሰው የሚለውን ያሰላሉ፣ ሰዓቱንም ያሰላሉ፣ የሸርጣኑን ሩዝ ጣዕምም የሚያስታውሱ ይመስሉ ነበር።

"ዋሽታችሁኛል" አሉ በመጨረሻ። "ይኼን አልረሳላችሁም። የት ነው ይኼን ነገር የምታደርጉት? እዚያ መኪና ውስጥ? ከዶሮ ሽታ ጋር?"

"አጽድተን ነው እማማ። በሩን ዘግተን፣ አፋችንን ሸፍነን።"

"ደግሞ ትኮራበታለች! የእኔ ክፍል ታች ነው፣ ንጹሕ ነው። ማንም አይገባበትም፣ ልጆቼ እንኳ ይፈሩታል።" መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዞሩ። "ለሙሽራዋ ግን ማንም እንዳይነግራት። ዛሬ ሰው ሁሉ አብራችሁ አርጁ እያለ ሊመርቃት ነው። አብሮ ማርጀት እንዲህ ከሆነ ብላ ብትሸሽብኝስ?"

አቱዋን እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። አባቴ ጋዙን ለኮሰ።

እኔ ግን ከሩዝ ጆንያዎቹ ኋላ ተቀምጬ አኩርፌ ነበር። እናቴ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"አኪያት፣ ምን ሆንክ?"

"ወንድም የለም።"

"የለም።"

"ለሺንዪ አባቴ ይችላል ብያት ነበር።"

እናቴ አፏን በእጇ ጀርባ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ስጠይቃት ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነው ትላለች። "እውነትህን ነው ያልካት" አለችኝ። "ይችላል። የምንሸከመው ምን እንደሆነ ተሳስተህ ነው እንጂ መሸከሙንስ ሁለታችንም ነን የምንሸከመው። የሁለታችንም ሆድ ሲነፋ ሳይሆን አይቀርም መንታ የመሰለህ?"

"እንዴት አወቅሽ?"

"እናትህ ነኝ።"

አመሻሽ ላይ ርችቱ ተተኮሰ፣ የመጀመሪያው ሳህን ወጣ። ድንኳኑ በሰውና በእንፋሎት ሞላ፤ የሙሽራው አጎት ማይክራፎን ይዞ ዜማውን እየሳተ ይዘፍናል። ሁለተኛው ከረጢት የሚቀየርበት ሰዓት የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ፒካፓችን መንገዱ ማዶ ቆማለች፣ የእማማ ሆንግ ክፍል ደግሞ ከድንኳኑ ወዲያኛው ጫፍ። መሃሉ በሙሉ ጠረጴዛ ነው። እናቴ ከረጢቱን በፎጣ ጠቅልላ እንደ ልማዷ ጃኬቷ ውስጥ ልትከተው ስትል ከክብር ጠረጴዛው ላይ ድምፅ መጣ።

"ኧረ ተይ! ለማን ነው የምትደብቂው?" እማማ ሆንግ ተነስተው ቆመዋል። "በሆድሽ ይዘሽው እርጉዝ ናት ብለው ሠርጌን ሊያሙብኝ ነው? አውጪው፣ በእጅሽ ያዢው፣ ሰው ሁሉ ይየው!"

እንግዳው ሁሉ ዞሮ አየ። አጎትየው መዝፈኑን አቆመ። እናቴ ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋችና ከረጢቱን በሁለት ክንዷ ታቀፈችው። አባቴ እጁን በሽርጡ እያደረቀ ከኋላዋ መጣ።

ሁለቱም በጠረጴዛዎቹ መሃል ማለፊያ አጥተው ስለነበር እኔ ከፊታቸው ገባሁ። ማንም አላዘዘኝም። "መንገድ!" አልኩ። "መንገድ ስጡ!"

ሰው ወንበሩን እየሳበ ከፈተልን። ሾርባ የያዙት ሴቶች ሳህኑን ከፍ አደረጉ። አንድ ሰካራም ሽማግሌ "ምንድነው እሱ? ሕፃን ነው እንዴ?" ሲል አቱዋን ከኋላችን በዚያ ድምፅዋ፣ ድንኳኑ ሁሉ እስኪሰማ፣ "የጋሼ ሁዋት ኩላሊት ነው፣ እንዳትደፉት!" አለች።

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ደነገጠ። አንዲት ሴትዮ ሳህኗን ገፋ ስታደርግ አይቻለሁ። ሺንዪ ግን ከእናቷ ጭን ወርዳ ከጎኔ ገባችና እሷም "መንገድ!" ማለት ጀመረች። እናቴ ከዚያ ድንኳን ጫፍ እስከ ጫፍ ቀና ብላ ነው የሄደችው። አባቴ ከኋላዋ ሆዱን ሳይደብቅ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተመልሰው የሸርጣኑን ሩዝ አወጡ። ድግሱ ሲያልቅ እንደ ወጉ አብሳዩ ወደ ክብር ጠረጴዛው ለጽዋ ሲጠራ እማማ ሆንግ ሁለት ጽዋ አስቀረቡ። አባቴ መጠጣት ስለማይችል እናቴ የእሱንም የራሷንም ጨለጠች። ጭብጨባው ለየትኛው እንደነበር አላውቅም።

በማግስቱ ነገሩ ከተማውን ዞረ። የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ በዚያ ዓመት ሌላ አብሳይ ጠራ፤ ሁለት ቤተሰቦችም ሠርጋቸውን ከእኛ ወሰዱ። አልተቀየምኳቸውም፤ የሚፈሩትን አሁንም አውቀዋለሁ። ሌሎች ግን ሲደውሉ "ሁለታችሁ ትመጣላችሁ አይደል?" ማለት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ እናቴ በየድስቱ ፊት ቆማ በሰው ሁሉ ዓይን ቀመሰች። ሠራተኞቹም እሷን ጋሼ ብለው እየጠሩ ይቀልዱባት ነበር።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት የአባቴ ሆድ ውሃውን መቀበል እምቢ አለ። ሐኪሞቹ እናቴን መረመሩ፤ አንድ ኩላሊቷ ለእሱ ይሆናል ተባለ። እሱ እምቢ አለ፣ እሷ ደግሞ ያኮረፈችው ለሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ተስማማ። በዕለቱ ሁለቱን አልጋ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እየገፉ ሲወስዷቸው ከፊት ከፊት ስሄድ፣ ሰው ከግድግዳው ጋር ሲጠጋልን፣ ያ የሠርጉ ቀን "መንገድ!" አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

አዲስ ኩላሊት የሚቀመጠው ከጀርባ አይደለም፣ ከፊት ነው፤ ከታችኛው ሆድ። አባቴ የነቃው በማግስቱ ነው። እጁን ቀስ አድርጎ እዚያ ላይ አሳረፈ፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ እናቴ ዓይኗን ከፍታ ታየዋለች።

"አኪያት" አለኝ።

"አቤት አባዬ።"

"ለሺንዪ ደውልላት" አለኝ። "ይችላል በላት።"